አኩፓንክቸርና ናቹሮፓቲ አንድ አይደሉም

ጎንደር ላይ «የተፈጥሮ ህክምና» ሲባል ሁሉም አንድ ላይ ይጠቀለላል። ከገበያ የተገዛው ኮሶም፣ የቻይናው መርፌም እዚያው ውስጥ ይገባል። ግን በጣም ይለያያሉ።

አኩፓንክቸር መነሻው ቻይና ነው። በጣም ቀጭን መርፌ በተወሰኑ የሰውነት ቦታዎች ላይ ይሰካል። መርፌው መድኃኒት የለውም፤ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ለቆየ የጀርባና የጉልበት ሕመም፣ ለማይግሬንም (ለሚመላለስ ከባድ ራስ ምታት) መጠነኛ እፎይታ ሊሰጥ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስኳርን ወይም ካንሰርን ግን አያድንም። መርፌው የታሸገ ይሁን፣ ዐይናችሁ እያየ ይከፈት። በተበከለ መርፌ የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ፣ ቀልድ አያውቅም።

ናቹሮፓቲ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ፣ በተለይ በጀርመን ከነበረው የውኃ ህክምና የተነሳ አካሄድ ነው። አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ ዕፅዋትን ያካትታል። ስለ ምግብና እንቅልፍ የሚመክረውን ማንኛውም ሐኪም ይነግራችኋል (ያውም ሳያስከፍል)። ጣጣው ዕፅዋቱ ላይ ነው። «ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለው ውሸት ነው። ኮሶ እንኳ ሲበዛ ዐይንን ይጎዳል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከጨመረበት የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ሥሩንም፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የጀመራችሁትን ኪኒን በራሳችሁ አታቁሙ።