አሮጌ የሞተር ጀልባ ቤት ውስጥ ስለማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቨርጂኒያ ባለው ቤቴ ጓሮ 5 ሜትር ገደማ የሆነች የፋይበርግላስ ጀልባ አለች። ሁለት ሰመር ሙሉ ለፍቼባታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ወሬው እሷው ናት። በቅርቡ ደግሞ ባሕር ዳር ያለ አብሮ አደጌ አሮጌ ጀልባ ሊገዛ አስቦ ደወለልኝ። እሱ የሚያምንባቸውን ነገሮች ስሰማ፣ አብዛኞቹ እኔም ስጀምር የማምንባቸው ነበሩ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ፋይበርግላስ አይበሰብስም»

ፋይበርግላሱ አይበሰብስም፣ ልክ ነው። ውስጡ ያለው እንጨት ግን ይበሰብሳል። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ፋይበርግላሱ ከላይ ለብሶታል እንጂ። ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶችም እንደዚያው ናቸው። በደንብ ባልተደፈነ አንድ የቡሎን ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ለዓመታት እዚያው ተኝቶ እንጨቱን ይበላዋል። ከውጭ ጀልባዋ ታብረቀርቃለች።

ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ከዚያ ሞተሩን ወደ ላይ አንሡትና ጫን በሉት። ግድግዳው ከተወዛወዘ ነገር አለ። ባለቤቱ ከፈቀደ ከውስጥ በኩል፣ ታች አካባቢ፣ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። የሚወጣው ፍርፋሪ ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እሰየው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግድግዳው መቀየር አለበት። የእኔን ስበሳት የወጣው ጥቁር ጭቃ ነበር። ቆዳውን ከፍቼ የቀረውን እንጨት በእጄ ነው የዘገንኩት።

ወለሉ ሥርም እዩ። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ እንዳትሰጥም ተብሎ ፎም ይሞላበታል። አሮጌ ፎም ውሃ ይመጥጣል። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ ያን ሁሉ ተሸክማ ነው የምትሄደው። አንዳንዱ ሰው የራሰውን ፎም አውጥቶ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። እባካችሁ አታድርጉት። ውሃ በማያስገባ አዲስ ፎም ተኩት።

«ቀለም ቀባቀባ ሲደረግ አዲስ ትሆናለች»

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ የቀባ ሰው ግድግዳውን ሲከፍት መልሶ ይፍቀዋል።

«ሬዚን ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ሬዚን የፋይበርግላሱን ጨርቅ አጣብቆ የሚደርቀው ፈሳሽ ነው፤ ፖሊስተርና ኢፖክሲ ሁለቱ ዓይነቶቹ ናቸው። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ በፖሊስተር ይሠራሉ፣ ርካሽ ነው። ለጥገና፣ በተለይ እንጨት ሲኖርበት፣ ኢፖክሲ አጥብቆ ይይዛል። ኢፖክሲ በደንብ በተፋቀ አሮጌ ፖሊስተር ላይ ይጣበቃል። ፖሊስተርን የደረቀ ኢፖክሲ ላይ ብታደርጉት ግን ሊላቀቅ ይችላል። እንጨቱም መጀመሪያ በደንብ መድረቅ አለበት።

አንድ ስህተት ልጨምር። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ኢፖክሲ ላይ ማድረቂያ ማብዛት አይሠራም። ልኩ ሲዛባ በትክክል አይደርቅም፣ ለስላሳና የሚያጣብቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ እንዲህ አበላሽቼ ሁሉንም ፍቄ አውጥቻለሁ። ስትፍቁ ደግሞ ማስክ አድርጉ፣ የፋይበርግላስ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

«የመኪና ዕቃም ያው ነው፣ ርካሹን ግጠም»

ይህ አባባል ሰው ይገድላል። ሞተሯ ከውስጥ የተገጠመ የቤንዚን ጀልባ ላይ በጣም ተጠንቀቁ።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መኪና ሥሩ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ግን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ናት፣ ትነቱ ታች ይጠራቀማል። የመኪና ሞተሪኖና ዲናሞ ሲሠሩ ብልጭታ ሊያወጡ ይችላሉ። ለጀልባ የተሠሩት ብልጭታቸው ወጥቶ ትነቱን እንዳያቀጣጥል ተደርገው የታሸጉ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፣ ልዩነቱ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም እንዲሁ ነው። የመኪናው ሲያጥለቀልቅ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ሊፈስ ይችላል፣ የጀልባው ወደ ሞተሩ ውስጥ እንዲመልሰው ተደርጎ ይሠራል።

ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ከሞተሩ ክፍል ትነቱን የሚያወጣውን የአየር ማራገቢያ ቢያንስ ለ4 ደቂቃ አሠሩት። አሽትቱም። ቤንዚን ከሸተታችሁ ቁልፉን አትንኩ።

«እስቲ አስነሣው፣ ከተነሣ ጤነኛ ነው»

ከውጭ የሚታሰር ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ወይም ከባሕሩ በሚስበው ውሃ ነው። ፓምፑ ውስጥ ያለችው ጎማ ያለ ውሃ ከሠራች ባጭር ጊዜ ትቃጠላለች። ስለዚህ ሞተሩን ውሃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ነክራችሁ አስነሡ። መነሣቱም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለኩ። አንዱ ከሌላው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ፣ ከዋጋው በፊት ስለ ሞተሩ ተነጋገሩ።

«ከደከመ ትልቅ ሞተር ይገጠምለት»

አብሮ አደጌን ያስጨነቀው ይኼ ነው። የሚያያት ጀልባ ጣና ላይ ትደክማለች አሉት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚያ ሲደርስ 33 ገደማ ነው የሚሰጠው። ሞተሩ ታሟል ማለት አይደለም።

ትልቅ ሞተር ሲገጠም ክብደቱም ግፊቱም ያ የኋላ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ከተሠራበት ልክ በላይ መጫን አደጋ ነው። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ቀይሩ። በአንድ ዙር 17 ኢንች እንዲገፋ የተሠራውን 15 በሚገፋ ብትተኩት ሞተሩ ዙሩን ያገኛል። ካርቡሬተሩም ለስሱ አየር ይስተካከል።

ሌላም አለ። ብረቱን ከዝገት ለማዳን ከሞተሩ ጋር የሚታሰር፣ ራሱ እየተበላ የሚያልቅ ቁራጭ አለ። ለጨዋማ ባሕር ዚንክ ይሆናል፣ እንደ ጣና ላለ ጨው አልባ ውሃ ማግኒዚየም ይሻላል። እሱን ቀለም አትቀቡት፣ ከተቀባ ሥራውን አይሠራም።

አብሮ አደጌ ነገ መዶሻና ትራፓኖ ይዞ ይሄዳል። እስካሁን የላከልኝ ፎቶ ከፊት የተነሣ ነው፣ ቀለሟ ያምራል። የኋላ ግድግዳዋን እንዲልክልኝ እየጠበቅኩ ነው።