«ካርድ አለዎት?»፦ መዝገብ መኖር አለመኖሩን በኮድ ማጣራት

ፒያሳ አካባቢ ክሊኒክ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ካርድ አለዎት?» ተብሎ ነው። አለኝ ካለ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በስሙ ትፈልጋለች። መዝገቦች በኮምፒውተር የሚቀመጡበት ዳታቤዝም ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፦ በዚህ ስም የተመዘገበ አለ ወይስ የለም?

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ዳታቤዝን ለመጠየቅ በተሠራው ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል ነው። ቋንቋውን ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ አይቢኤም ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1974 አስተዋወቁት። መኖር አለመኖርን የሚያጣራው ትእዛዝ «ኤግዚስትስ» ይባላል። መልሱ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነው። አንድ የሚመሳሰል መዝገብ ካገኘ ፍለጋውን እዚያው ያቆማል። ብዙ ጀማሪ ግን «ካውንት»፣ ማለትም «ቁጠር»፣ ይጽፍና ቁጥሩ ከዜሮ ይበልጥ እንደሆነ ያያል። ይህ ልጅቷን ካርዱን ካገኘች በኋላም የዚያን ስም ካርድ ሁሉ ቁጠሪ እንደማለት ነው። መዝገቡ ጥቂት ሲሆን አይታወቅም፤ ሲበዛ ወረፋው ይረዝማል።

የሌለውን ለመፈለግ «ኖት ኤግዚስትስ» ይሻላል። «በዝርዝሩ ውስጥ የለም» የሚለው «ኖት ኢን» በሚያመሳክረው ዝርዝር ውስጥ አንድ ባዶ፣ ማለትም «ናል»፣ ካለ ምንም ሳይመልስ ይቀራል።

እኛ ጋ ትልቁ ችግር ግን ፊደሉ ላይ ነው። አክስቴ ፀሐይ ትባላለች። አንድ ቦታ «የሉም» ተብላ አዲስ ካርድ ወጣላት። ለካ የድሮው ካርድ «ጸሃይ» ተብሎ ነው የተጻፈው። የሁለት ዓመት የስኳር ውጤቷ እዚያ ቀረ። ኮዱ አልተሳሳተም። ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ፀ እና ጸ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ለማሽኑ ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሐ»ን ደግሞ ሰው ሀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ይህ አንድ ስም ብቻ በ12 መልክ ይጻፋል። ኃይለማርያም «ኃ/ማርያም» ሲሆንማ አስቡት።

መፍትሔው ሁለተኛ ዓምድ መጨመር ነው። በአንዱ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል። በሌላው ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይመለሳሉ፣ ምሕጻሩ ይፈታል፣ ክፍተቱ ይወጣል። ፍለጋን የሚያፈጥነው ማውጫ፣ ኢንዴክሱም ፍለጋውም በዚህኛው ላይ ይሆናል። የተገኘው ሰው ሞክሼ ሊሆን ስለሚችል የአባትና የአያት ስም፣ ስልክም ይታከላል። ካርድ ክፍሏ ልጅ «ከነአያትዎ ይንገሩኝ» የምትለው ለዚህ ነው።