እናቷን አይተህ ልጇን አግባ? ስለ እናቶችና ስለ ጎረምሳ ልጆቻቸው የምንስታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ላይ የክረምቱ ብርድ ሰውን ሁሉ ምድጃ ዳር ይሰበስባል። ኩበቱ ሲጨስ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ልጆች ላይ ያርፋል፤ ይልቁንም ድምፃቸው መጎርነን በጀመረው ላይ። እዚያ ደጋግሜ ከሰማኋቸው ጥቂቶቹን ላንሣ።

«እናት ያመነችበትን ልጅ ይወርሳል»

እሴት እንደ ርስት አይወረስም። ግሩሴክና ጉድናው የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳስረዱት፣ ልጁ መጀመሪያ የወላጁን መልእክት በትክክል መረዳት፣ ቀጥሎም አምኖ መቀበል አለበት። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚሰናከለው ገና ከመነሻው ነው። እናት «ሰው አክብር» ትላለች፤ ኩበት ተሸክማ የመጣችውን ባላገር በዋጋ ስትከራከር ግን ታመናጭቃታለች። ልጁ በር ላይ ቆሞ ያያል።

«ወግ አጥባቂ እናት ልጇን ታስጨንቃለች»

ከተሜ ነን ባዮች የሚወዱት አባባል ነው። ሻሎም ሽዋርትዝ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበው ምደባ 10 የእሴት ዓይነቶች አሉ፤ ወግና ታዛዥነት ከስኬት፣ ከቸርነትና በራስ ከመመራት ጋር እኩል ተቀምጠዋል። ወግ መውደድ በራሱ መርዝ አይደለም። ባርበር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ዓይነት ቁጥጥር ለይቷል። «ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ቤት ግባ» ማለት የልጁን ተግባር መቆጣጠር ነው። ኩርፊያ፣ ፍቅርን መንፈግ፣ «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ ለዚህ ነው?» ማለት ግን ልቡን መቆጣጠር ነው፤ ከጎረምሶች ድብርትና ጭንቀት ጋር ተያይዞ የሚገኘውም ይህኛው ነው።

አንድ የ16 ዓመት ልጅ በፍልሰታ ጾም መግቢያ «ለምንድን ነው የምንጾመው?» ብሎ ጠየቀ። እናቱ አልጮኸችም፣ አልመታችውም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ራቱን ታቀርባለች፣ መሶቡን ትከፍታለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል የለም። በአራተኛው ቀን ልጁ ጾመ፤ እናትም ያሸነፈች መሰላት። እኔ የማስበው ግን እንጀራውን ሳይነካ የተነሣባቸውን ምሽቶች ነው። ሌላዋ ጎረቤቴ በወግ አጥባቂነት ከእርሷ ብትብስ እንጂ አታንስም፤ ረቡዕና ዓርብን አታጎድልም። ልጇ ያንኑ ሲጠይቃት «እኔም በአንተ ዕድሜ እናቴን ጠይቄአት ነበር» ብላ የምታቦካውን ሊጥ ትታ ተቀመጠች። ሁለቱም ወግ አጥባቂ ናቸው።

«ስኬትን የምታስቀድም እናት ልጇን ታበረታለች»

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። «ዶክተር ካልሆንክ» እየተባለ ያደገ ልጅ ያን ውጤት ሲያይ የወደቀው ፈተና ብቻ አይመስለውም። ካሰር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የ18 ዓመት ወጣቶችን አጥንተው ነበር። ገንዘብን ከሁሉ ያስቀደሙት ወጣቶች ከእናቶቻቸው ያገኙት ርኅራኄና እንክብካቤ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

«በዓይኔ ከተከታተልኩት ሁሉን አውቃለሁ»

አታውቂም፣ እህቴ። ስታቲንና ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የሚያውቁት በአመዛኙ ልጆቹ ወደው የነገሯቸውን ነው። ሌሊት ስልክ ስትበረብሪ ብታድሪ፣ ጠዋት የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ይጠብቅሻል።

«ልጅ ከተበላሸ ጥፋቱ የእናት ነው»

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይመዘዛል። ጓደኛ፣ ትምህርት ቤት፣ ኑሮ፣ የልጁ የተፈጥሮ ጠባይም አለ፤ አስቸጋሪ ልጅ ደግሞ እናቱን ራሷን ይቀይራታል። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ መጠይቃቸውን ይዘው የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ወደ እናት ነው። አባት በዚህ ሁሉ ወሬ መካከል ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከምድጃው ዳር ሁለተኛውን ስኒ ይቀበላል፤ ስለ እርሱ የሚጠይቅ የለም።