ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፦ ሰርቨሩ ሲጠፋ ስታክ የሚያደርግ የኤስኤስኤች ግንኙነት

ኤስኤስኤች ሩቅ ያለ ሰርቨርን በተመሰጠረ መስመር ገብቶ ለማዘዝ የሚያገለግል ፕሮቶኮል ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ሠራው፤ ዛሬ ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና በሚሠሩ ማሽኖች ላይ የተለመደው ነጻ ቅጂው ኦፕንኤስኤስኤች በ1999 ወጣ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ካምፓስ ላለው ተቋማችን ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ታች ኮምቦልቻ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም (የመጠባበቂያ ባትሪው) ሲያልቅ፣ ደሴ ያለው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ስህተት ሳያሳይ ዝም ይላል። የጠፋ ማሽን «አልቀበልም» ብሎ አይመልስምና ሊኑክስ የግንኙነት ጥያቄውን 6 ጊዜ ደጋግሞ ይልካል። በመሃሉ 1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እያለ እስከ 64 ድረስ ጥበቃውን በእጥፍ ይጨምራል፤ ድምሩ 127 ሰከንድ ነው፣ በአዳዲስ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት ቅጂዎች) ትንሽ ይበልጣል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ወዲያው ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ በርቷል፣ ፖርት 22 (የኤስኤስኤች የተለመደ የመግቢያ ቁጥር) ላይ የሚያዳምጠው አገልግሎት ቆሟል። ማሽኑ ለፒንግ (መኖሩን ለሚጠይቅ አጭር መልእክት) እየመለሰ የኤስኤስኤች መግቢያው ከደረቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥያቄውን በዝምታ የሚጥል ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ነው።

ከገቡ በኋላ መስመሩ ሲቋረጥ ጥበቃው ይብሳል። የተላከው ትእዛዝ መልስ ካጣ ሊኑክስ ተስፋ የሚቆርጠው ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ምንም ካልተላከ ደግሞ መቋረጡን ለረጅም ጊዜ አያውቅም። ትእዛዝ ማቋረጫው ኮንትሮል ሲም አይሠራም። መውጫው ኢንተር፣ ከዚያ የቲልዴ ምልክት (~)፣ ከዚያ ነጥብ መጫን ነው፤ ቲልዴው የሚታወቀው ከኢንተር ቀጥሎ ሲመጣ ብቻ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ በተጠቃሚው የኤስኤስኤች ኮንፊግ (ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ ሦስት መስመር ነው፦ ኮኔክት ታይምአውት 10 (ለመገናኘት የሚጠበቅ ሰከንድ)፣ ሰርቨር አላይቭ ኢንተርቫል 15 (በየስንት ሰከንዱ ሰርቨሩ መኖሩ እንደሚጠየቅ)፣ ሰርቨር አላይቭ ካውንት ማክስ 3 (ስንት ጥያቄ መልስ ሲያጣ እንደሚዘጋ)። ሰርቨሩ ሲጠፋ አዲስ ግንኙነት በ10 ሰከንድ፣ የተከፈተው በ45 ሰከንድ ገደማ ይዘጋል። ሌሊት ባክአፕ ለሚወስዱ ስክሪፕቶች ይህ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየተነሳ ይደራረባሉ። መስመሩ ለአፍታ ብቻ በሚቆራረጥበት ቦታ ኢንተርቫሉን ወደ 30 ከፍ ማድረግ ይሻላል የሚሉ አሉ። ረጅም ሥራ በቲሙክስ (ሰርቨሩ ላይ ክፍለ ጊዜን ክፍት አድርጎ በሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ ከተጀመረ፣ ሰርቨሩ ራሱ እስካልጠፋ ድረስ ግንኙነቱ ቢዘጋም ሥራው ይቀጥላል።

በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ሲገቡ ግንኙነቱ መጀመሪያ ላይ በሚደረገው የምስጠራ ቁልፍ መለዋወጥ ላይ ብቻ የሚደርቅ ከሆነ ኤምቲዩውን (በአንድ ጊዜ የሚላከው የፓኬት ትልቁ መጠን፣ በባይት) ከ1500 ወደ 1400 ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው።