ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ማየት

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ አንድ ሠርግ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሙሽሮቹን ሊመክሩ የተነሡ አንድ ሰው «ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ አይታይም፤ ከእንግዲህ የአባት የእናት ቤት የሚባል ነገር የለም» ሲሉ ሰምቼ ጠላው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ዕርፍ ገበሬ ሲያርስ በእጁ የሚጨብጠው የማረሻው እጀታ ነው። አባባሉ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ቁጥር 62 የመጣ ነው፤ ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚያይ ለእግዚአብሔር መንግሥት የተገባ አይደለም ይላል። ሞፈርና ቀንበር ባለበት አገር ግን ቃሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ማሳ ለማሳ ሲዞር ስለ ኖረ፣ ትርጉሙን ከገበሬ እጅ መማር ይቀላል።

አያቴ ዕርፉን መጀመሪያ ያስጨበጡኝ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ለሦስተኛ ጊዜ ሲታረስ ነበር። ገበሬ በአንድ እጁ ዕርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ስለሚይዝ፣ የማረሻው መንገድ በአንድ መዳፍ ላይ ያደረ ነው፤ መዳፉ ሲላላ ማረሻው ከአፈር ብቅ ይላል፣ ሲጠልቅም በሬዎቹን ያስጨንቃል። እናቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ድምፅዋን ሰምቼ ዘወር አልሁ። ያየኋት ለአፍታ ነው፤ ፊቴን ስመልስ ግን ፈሩ እንደ እባብ ተጣሞ ነበር። አያቴ አልተቆጡም፤ «እጅህ እኮ ዐይንህን ነው የሚከተል» ብለው በእጄ ላይ እጃቸውን ደርበው ያዙና በሬዎቹን መለሷቸው። ፈር ለቀቀ፣ ፈር ያዘ፣ ፈር ቀዳጅ የምንለው ሁሉ ከዚሁ ማሳ የበቀለ ነው።

እንግዲህ ጥፋቴ እናቴን መውደዴ አልነበረም፤ እጄ ማሳው ላይ፣ ልቤ ምሳው ላይ መሆኑ ነው እንጂ። ነቢዩ ኤልሳዕም ኤልያስ ሊጠራው መጥቶ መጎናጸፊያውን በጣለበት ጊዜ በ12 ጥማድ በሬ እያረሰ ነበር፤ አባትና እናቱን ስሞ ሊሰናበት ጠየቀ፣ ከዚያም አንድ ጥማድ በሬ አርዶ ሥጋውን በበሬዎቹ ዕቃ እንጨት ቀቅሎ ሰዎቹን አበላ። ይህን የገበሬ ልጅ ሲሰማው ይደነግጣል፤ በሬውን አርዶ ሞፈሩን ያነደደ ሰው በሚመጣው ክረምት የሚመለስበት እርሻ የለውምና። በአንጻሩ ለእግዚአብሔር እኖራለሁ ብሎ የተነሣ፣ ነገር ግን ያልሆነልኝ እንደ ሆነ እመለስበታለሁ ብሎ ክብሩን ወይም ገንዘቡን በልቡ በረት አስሮ ያቆየ ሰው፣ ወደ ኋላ የሚያየው እሱ ነው።

የግሌ መላ ምት ደግሞ አለኝ። ዕርፍ የሚለው ስም «ዐረፈ» ከሚለው ግስ የተወለደ፣ የአራሽ እጅ የሚያርፍበት ማለት ይመስለኛል። ማስረጃዬ ቀጭን ነው፤ ሆኖም ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቀንበሬን ተሸከሙ ባለበት ቃል ለነፍሳችሁ ዕረፍት ታገኛላችሁ ማለቱን ሳነብ፣ ቀንበርና ዕረፍት በአንድ ማሳ ላይ መገናኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቅኔ በሚዘረፍበት በጎጃም ምድር ይህን ሰምና ወርቅ ከእኔ በፊት ያየው ሰው አይጠፋም።

ለመካሪያችን ግን ሚስት ያገባ ልጅ እናቱን እንዳይጠይቅ የሚከለክል ዕርፍ የትም አገር አልተጠረበም። ሰውዬው ያለፈውን ቂም ተዉት ለማለት ፈልገው ከሆነ፣ «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» የሚለው ተረት ሳይነካ ተቀምጦላቸው ነበር።