የሳንቲም ደረጃ ምደባ ዋጋ ይጨምራል ወይ?
ደረጃ ምደባ ማለት እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ የአሜሪካ ድርጅቶች የሳንቲሙን እውነተኛነት ካረጋገጡ በኋላ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ለይዞታው ቁጥር ሰጥተው በፕላስቲክ መያዣ የሚያሽጉበት አገልግሎት ነው። ቁጥሩ ሳንቲሙን አያሳምረውም፤ ገዢው ጨምሮ የሚከፍለው ጥርጣሬው ስለተወገደለት ነው። ስለዚህ ብዙም ላልተፋቀ የአፄ ምኒልክ ብር ምደባው ሊያዋጣ ይችላል፤ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ለብዙ ዘመን ሲመታ የኖረው ማርትሬዛ ግን በገበያ ሞልቶ ስለሚገኝ፣ የምደባው ክፍያ ከሳንቲሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም እንዲያብለጨልጭ በአመድ የታሸ ብር ደግሞ (እናቶቻችን ያሹት ለበዓል እንጂ ለሰብሳቢ አልነበረም) እውነተኛ ቢሆንም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ተነፍጎት፣ ጉዳቱ በመያዣው ላይ ተጽፎ ይመለሳል።