«ንጉሥ አይከሰስ»ና ሌሎችም፦ ስለ ሥልጣን ያሉን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በምኖርባት አነስተኛ የሰሜን ሸዋ ከተማ እድራችን ዓመታዊ ሒሳቡን ባሰማበት ቀን፣ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው «የድንኳኑ ኪራይ ገቢ የት ላይ ተመዘገበ?» ብለው ጠየቁ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን አምጥተው እስኪያሳዩ ድረስ ስብሰባው አልተበተነም፤ በዚያ ብርድ ጋቢያችንን ተከናንበን ጠበቅን። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ለመንገድ ጠጠር ብለን ለቀበሌ ያዋጣነው ገንዘብ ከምን እንደ ደረሰ ይጠይቁ እንደሆነ አነሣሁባቸው። «ከመንግሥት ጋር ምን አገናኘኝ ልጄ!» አሉኝ።

እኒህ እናት ፈሪ አይደሉም። እድሩ የራሳቸው፣ ቀበሌው ግን የሌላ ሰው እንደሆነ ሲሰሙ ኖረው ነው። በአካባቢያችን ደጋግሜ የምሰማቸውን እንዲህ ያሉ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

ይህ ተረት ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውንም የማይደፈር አድርጎ ደንግጓል። የ1948ቱም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ሁለቱም ዛሬ የሉም። በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም እንዲጠየቅ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋም በአስተዳደር በደል ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ይመረምራል። አባቶቻችን በንጉሥ ደጅ ቆመው «አቤት!» ይሉ ነበር፤ ያ ግን ምሕረት መለመን ነው። የዛሬው ጥያቄ መብት ነው፤ ይህን ልዩነት ለልጆቻችን በደንብ አላስረዳናቸውም።

«ቀበሌ ማለት መንግሥት ነው፤ አይነካም»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ፍርሃቱ ምክንያት አለውና። የከተማ ቀበሌ የተወለደው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ነው። በገጠር ደግሞ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበር መጣ። ቀበሌው በስሙ የነዋሪው ማኅበር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ስኳርና ዘይት የሚያድለው፣ ቤት የሚፈትሸው፣ ወጣቱን ለውትድርና የሚመለምለው እርሱ ሆነ። ልጁን በቀበሌ በኩል ያጣ ሰው ቀበሌን «የእኔ» ሊል አይችልም፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ሕጉ ግን ተለውጧል፦ ቀበሌም ወረዳም ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት አላቸው፤ አስተዳዳሪውም ለዚያ ምክር ቤት ተጠሪ ነው። ችግሩ የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከ2015 ወዲህ በክልላችን የቀጠለው ግጭት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አርቆታል። ወንበሩ መብት እንደሆነ ሳንረሳ፣ ወንበሩ እንዳረጀም እንናገር።

«ከተመረጠ በኋላ አምስት ዓመት መጠበቅ ነው»

አይደለም። ያው አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል።

«ሁሉንም ወንበር ያሸነፈ የሁሉንም ድምፅ አግኝቷል»

በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ሲወስዱ ብዙ ሰው እንዲህ አሰበ። የምርጫ ሥርዓታችን ግን የሚያየው በየምርጫ ክልሉ ማን እንደ በለጠ ብቻ ነው። ከ100 መራጮች 40 ለአንዱ፣ 35 ለሌላው፣ 25 ለሦስተኛው ቢሰጡ ባለ 40ው ወንበሩን ይወስዳል። 60ዎቹ ወካይ የላቸውም፤ ሰዎቹ ግን አሉ።

«ዴሞክራሲ የፈረንጅ ነገር ነው»

ቃሉ ከውጭ መጥቷል። ሰብሳቢ መምረጥ፣ ደንብ ማጽደቅ፣ ሒሳብ ማስነበብ፣ ያጠፋን መቅጣት ግን እድር ያስተማረን ነው። ያለፈውን ሁሉ አላወድስም፦ በአውጫጭኝ ነዋሪው ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ተሰብስቦ ይያዝ ነበር፤ ንጹሑም አብሮ ይንገላታል። ሴቶች ርስት ይወርሱ ነበር፤ በሽምግልና አደባባይ ግን እምብዛም አልተቀመጡም። የምርጫ ካርድም ቢሆን የትናንት አይደለም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አያቶቻችን ያለ ፓርቲ መርጠዋል፤ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ያኔ ነው የተመረጡት።

«ደግ ሰው ይሹምልን እንጂ ሌላው ትርፍ ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የማከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ይከብደኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ተመልከቱ። የጥንቱ ሹም ደመወዝ አልነበረውም፤ ጉልት ተሰጥቶት ከገበሬው ግብር ይኖር ነበር። መብላቱ ከሥርዓቱ የመጣ ነበር። ዛሬ ሹሙ ደመወዝ አለው፤ አባባሉ ግን ሥርዓቱ ካለፈ በኋላም አለ። ደግ ሰው ቢሾም ደስ ይለኛል፤ እርሱ ሲዛወር ግን ደግነቱም አብሮት ይሄዳል። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ደግ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። የማውቀው ደረሰኝ ማሳየት ግዴታቸው መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ ለእኒያ እናት በቡና ላይ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። በመጨረሻ «ታዲያ ማመልከቻው ለማን ይጻፋል?» አሉ። ለቀበሌው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው በደብተር ወረቀት ጻፈችላቸው፤ እኔና ሌሎች ስድስት ጎረቤቶች ፈረምን። መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁጥሩን ከእድር ካርዳቸው ጋር አስቀምጠውታል።